ጳጉሜን የማያውቀው ሰርቨር

አንድ ይልቃል የሚባል የመድኃኒት ጅምላ ነጋዴ ነበር። በዙሪያው ያሉት የገጠር ክሊኒኮች ሁሉ ደንበኞቹ ናቸው። ኑሮው የሞላ ነው፣ ሆዱም ይመሰክራል፤ ግን ረጋ ብሎ አንድ ቦታ መቀመጥ የሚባል ነገር አያውቅም። ለምን ቢባል፣ ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ያረጀ ሰርቨር አለ። የትኛው መድኃኒት የት እንደተቀመጠ፣ የትኛው ጊዜው ሊያልፍበት እንደሆነ፣ የትኛው ክሊኒክ ምን እንዳዘዘ፣ ሁሉንም የሚያውቀው ያ ማሽን ብቻ ነው። እሱ ድንገት ቀጥ ካለ ክሊኒኮቹ መድኃኒት አያገኙም፤ ካላገኙ ደግሞ ወደ ሌላ ነጋዴ ይሄዳሉ። ይልቃልን እረፍት የነሳው ይሄ ነው፤ ደንበኞቼን አጣለሁ የሚል ፍርሃት።

ማሽኑ ደግሞ እንደ ጠና በሽተኛ ያቃስታል። ይልቃል ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ ያዳምጠዋል። ድምፁ ከፍ ሲል ይደነግጣል፣ ዝቅ ሲል ይብስ ይደነግጣል። በዚያ ደረጃ በሂል ጫማ መውጣት ክልክል ነው። በር ማጋጨትም ክልክል ነው። ለቅሶ ቤት ሄዶ እንኳ ድንኳኑ ውስጥ ስልኩን አውጥቶ "እስካሁን አለ?" እያለ ይጠይቃል፤ ለቀስተኛውም ሟቹን ያለ መስሎት ግራ ይጋባል።

ሚስቱ እትዬ ብርቄ አንድ ቀን ማሽኑ ሞቆ እንደሆነ በመዳፉ ሲነካካ አገኘችው።

"እኔ ሲያተኩሰኝ እንዲህ ዳብሰኸኝ ታውቃለህ?" አለችው።

"አንቺ ብትታመሚ ሐኪም ሞልቷል። ለዚህ እኮ መለዋወጫውን እንኳ መሥራት አቁመዋል።"

በኋላ ጭንቀቱ ሲብስበት ባለሙያ ጠራ። ፌቨን ትባላለች፤ ቀልጠፍ ያለች ልጅ ናት። ክዳኑን ከፍታ አየችና አቧራው ሦስቴ አስነጠሳት። ይልቃል ከኋላዋ ቆሞ "ቀስ፣ ቀስ" ይላል።

"ጋሼ፣ ይሄ ማሽን የሚሠራው በጸሎት ነው" አለችው። "ደግነቱ ፕሮግራሙ ደህና ነው። አዲስ ሰርቨር ላይ፣ በአዲስ ሲስተም እናዛውረዋለን፤ ዳታውም አይጠፋም። መጀመሪያ ግን ከሠራተኞችዎ ጋር ቁጭ ብለን አንድ ነገር እንለይ። የቱ አሠራር ነው ለሥራችሁ የሚጠቅመው? የቱስ ነው ማሽኑ አልችል ስላለ ብቻ የለመዳችሁት?"

"ምንም የሚለይ የለም። እንዳለ ገልብጪልኝ።"

"እንዳለ?"

"እንዳለ። አንዲት ነገር ቦታዋን ብትስት ደንበኛ ይሸሸኛል።"

ፌቨን አዲሱን ሰርቨር ተከለች፣ ፕሮግራሙን ጫነች፣ ዳታውን አሻገረች፤ ከዚያ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን እያሠራች ማመሳከር ጀመረች። ይልቃል ሚስቱ ምጥ እንደያዛት ሰው ኮሪደሩ ላይ ይንጎራደዳል። መሐል ላይ ጠራችው።

"ጋሼ፣ አሮጌው እኮ ጳጉሜን አያውቅም።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙን በጊዜው የሠራው ሰው ከውጭ የመጣ ፕሮግራም ወስዶ፣ የፈረንጆቹን ወሮች ስም እየፋቀ የእኛን ጻፈበት። ቦታው ለአሥራ ሁለት ወር ነበር፣ አሥራ ሁለቱን ሞላ፤ ጳጉሜ ደጅ ቀረች። ጳጉሜ ሲገባ ማሽኑ እንዲህ የሚባል ቀን የለም ብሎ ሽያጭ አልመዘግብም ይላል። ይልቃልም ምን ያድርግ፣ በሩ ላይ "ቆጠራ ላይ ነን" የሚል ወረቀት ለጥፎ ይዘጋል። ዓመታት ሲያልፉ ነገሩ ወግ ሆነ። ሠራተኛው ጠበል ይሄዳል፣ በግ ሲያማርጥ ይውላል። ይልቃልን ሰው ሲጠይቀው "የአባቶቻችን ልማድ ነው" ማለት ጀመረ። አባቱ አናጢ ነበሩ፤ እሁድንም ዘግተው አያውቁም።

"አዲሱ ሲስተም ግን የእኛን ወሮች ከነጳጉሜያቸው ያውቃል" አለች ፌቨን። "ፕሮግራሙን ከሱ ጋር ካገናኘሁት በጳጉሜም ትሸጣላችሁ።"

ይልቃልን ላብ አጠመቀው። "አሮጌው ያውቃት ነበር?"

"አያውቃትም።"

"እንግዲያው ይሄም አይወቃት።"

"ጋሼ፣ ማሽኑ እኮ አውቆ ነው የመጣው።"

"እንዲረሳ አድርጊው።"

ፌቨን ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት ነበር። ፊቱን ስታየው ግን የታዘዘችውን አደረገች። በዚህ ዓይነት አሥራ ሦስቱንም ወር የሚያውቅ ማሽን በአሠሪው ትእዛዝ አንዷን ረሳ።

ይልቃል አረፈ ብላችሁ እንዳትገምቱ። አዲሱ ሰርቨር ድምፅ የለውም፤ እሱን ደግሞ የባሰ ያስጨነቀው ይሄ ሆነ። ጆሮውን ይለጥፋል፣ ምንም አይሰማም፤ "ሞቶ ይሆን?" ብሎ ሮጦ ይገባል። ሂል ጫማ አሁንም ክልክል ነው።

ጳጉሜ ገባች። ወረቀቱ ተለጠፈ። ይልቃል ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል በሩ ተንኳኳ። ሲስተር ዘቢባ ናት፤ ከክሊኒኮቹ ሁሉ ትልቁን የምትመራ ነርስ። ጃንጥላ ይዛ ቆማለች፣ መኪናዋ ሳይጠፋ ከኋላዋ ይንዶቆዶቃል።

"ሲስተር፣ ዛሬ እኮ ጳጉሜ ነው" አላት።

"አውቃለሁ ጋሽ ይልቃል። ልገዛ አልመጣሁም።"

"ታዲያ በደህና?"

"ላመሰግንዎት ነው። ከአዲሱ ዓመት ጀምሮ ሁሉንም መድኃኒት ከድልድዩ ማዶ ካለው ነጋዴ ልንወስድ ነው።"

ይልቃል የበሩን ብረት ያዘ። "ምን አጎደልኩ? ማሽኔ አንድ ቀን ቆሞብኝ አያውቅም።"

"ማሽንዎ መች ቆመ፣ እርስዎ ነዎት እንጂ። ይሄ ጊዜ ክረምት ነው፣ ወንዙ ሞልቷል፣ ተቅማጥ የሚበረታውም አሁን ነው። ሰውነቱ ደርቆ የመጣን ሕፃን መስከረም እስኪጠባ ቆይ አልለውም። በየዓመቱ በጳጉሜ የምንገዛው ከማዶ ነው። ዘንድሮ ሠራተኞቼ እዚያ ሁልጊዜ ካለ ሁለት ቦታ ምን አንከራተተን አሉኝ።"

"በጳጉሜ እኮ ገበያ የለም።"

"ገበያማ አለ። እርስዎ ጋ ነው የሌለው።"

"እና ምነው ሳትነግሪኝ?"

"ነገርኩዎት እኮ። የአባቶቻችን ልማድ ነው አሉኝ።"

"ሌሎቹስ ክሊኒኮች?"

"እኔ የመጣሁት ስለ ራሴ ነው" አለችና ዓይኗን ወደ ድልድዩ ጣል አደረገች። ማዶ የሚያውቃቸው የክሊኒክ መኪኖች ተሰልፈው ቆመዋል።

ይልቃል ወረቀቱን ገነጠለ። ለፌቨን ደወለ። "ያስረሳሽውን መልሺለት" አላት። መጥታ መለሰችለት፤ የሻይ ሰዓት ያህል እንኳ አልፈጀባትም። ማሽኑ ጳጉሜን ያለ አንዳች ማንገራገር ተቀበለ። የሚገዛ ግን አልነበረም። ያኔ ይልቃል ካርቶኖቹን በገዛ መኪናው ጭኖ ክሊኒክ ለክሊኒክ ይዞር ጀመር። አንዳንዱ ተመለሰለት። ሲስተር ዘቢባ ሻይ ጋበዘችው፣ ደህና ዋሉ አለችው፤ መድኃኒቱን ግን አልገዛችውም።

እንግዲህ ይልቃል አሮጌውን ማሽን አውጥቶ ጣለ፤ አሮጌው ማሽን ያስለመደውን ፍርሃት ግን ተጠንቅቆ፣ ባለሙያ ቀጥሮ፣ አዲሱ ላይ አስገለበጠው። ደንበኛ ላለማጣት ሲል አጥብቆ የያዘው ነገር ነው ደንበኛውን የወሰደበት። እኛም ቤት እንቀይራለን፣ መሥሪያ ቤት እንቀይራለን፣ አለቃ እንቀይራለን። የድሮው ያልቻለውን ግን ዛሬም አይቻልም እንላለን፤ ሰው ሲጠይቀን ደግሞ ወግ ነው ብለን እናልፋለን።

በይልቃል የሳቅህ ወንድሜ፣ ሳቅህን ጨርስ፣ አልቸኩልም። ከዚያ አንድ ነገር መልስልኝ፦ አንተ "አይሆንም፣ እኛ ጋ እንዲህ አይደረግም" የምትለው ነገር፣ እውነት ዛሬም የማይሆን ነው? ወይስ ያልቻለው ያ ከተጣለ የቆየው አሮጌ ማሽንህ ነው?