የሞተው ገመድ ወራሽ

ምላሷ የሰላ አንዲት መካኒክ ኮምቦልቻ ውስጥ ጋራዥ ነበራት። አንድ ቀን የመኪና መመርመሪያ ገመዷን ኮምፒውተሩ ላይ ስትሰካ ስክሪኑ “ሶፍትዌሩን አፕዴት አድርጊ” አላት። እሺ ብላ ብታደርገው ገመዱ በዚያው በድን ሆኖ ቀረ። ሦስት ቀን ሥራ ፈትታ ታገለችው፤ በመጨረሻ የድሮውን ሶፍትዌር መልሳ ጫነችበትና አስነሳችው።

ወሬው የደረሰው፣ ገመዱን አስመጥቶ የሸጠላት ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ከረባቱን አጥብቆ ከተፍ አለ።

“ገመዱን አምጪ! የኛ ነው። አለዚያ ጋራዡን አሳሽገዋለሁ።”

“የገዛሁት እኔ ነኝ እኮ፤ ደግሞም ሞቶ ነበር።”

“አውቃለሁ! አዲሱን እንድትገዙ ብለን በአፕዴቱ የገደልነው እኛው ነን” አለ ደረቱን ነፍቶ።

መካኒኳ የእጇን ግራሶ በጨርቅ ጠረገች።

“ጌታዬ፣ በእኛ አገር ገዳይ ለቅሶ ቤት እንኳ ዝር አይልም። እርስዎ ጭራሽ ውርስ ሊጠይቁ መጡ?”