ዕለት ዕለት የታጠበው ውሻ

ዱሮ ዱሮ ነው፤ ተራሮች ገና ጎረምሶች ሳሉ፣ ወንዞችም መንገዳቸውን እየጠያየቁ በሚሄዱበት ዘመን። ስሙ በተረሳ አንድ ቆላ አገር አልጣሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ያላት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ በወንዙ ዳር አንዲት የማሽላ እርሻና መከታ የሚባል ውሻ። ዓመቱን የምታድረው በማሽላዋ ነው፤ ማሽላዋ ደግሞ የምታድረው በመከታ።

መከታ ይሸታል። እንዲያው ዝም ብሎ መሽተት እንዳይመስላችሁ። እሱ ነፋስ ላይ ሲቆም ሦስት ተራራ ማዶ ያለ ዝንጀሮ አፍንጫውን ይዞ ልጆቹን ይሰበስባል፤ በላዩ የምትበር ቁራ ክንፏ ይዝላል። ጠዋት ጠዋት ድንበሩን ዞሮ ገላውን በየድንጋዩ ያሻል። ያ ሽታ እስካለ ድረስ ጦጣም ዝንጀሮም ወደ እርሻው ድርሽ አይልም።

አንድ ዓመት ታዲያ የጎረቤቷ ውሻ ሞተ። ከተወለደ ጀምሮ ውሃ ነክቶት፣ እጅ ዳብሶት አያውቅም። መዥገሩ መጀመሪያ ምስር አከለ፣ ከዚያ ባቄላ፣ በመጨረሻ የዶሮ እንቁላል አክሎ ደሙን መጦ ጨረሰው። አልጣሽ ወደ ገደሉ ሲጎትቱት አየች። ደጇ ተመልሳ የመከታን ጆሮ ብትገልጥ ሁለት መዥገር አገኘች። ሁለቱንም ነቅላ እሳት ውስጥ ጣለች።

ይህን ሁሉ እመት ጦጣ ከቤቱ ፊት ለፊት ካለው ሾላ ላይ ሆና ታያለች። ፊቷን እንደ ለቀስተኛ አጥቁራ፣ አፍንጫዋን በቅጠል ደፍና ወረደችና ስለ ጎረቤቷ ውሻ እዝን አለች። ቅማልና መዥገር መልቀም ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ሙያዋ እንደሆነም ነገረቻት። ከዚያ ጠጋ ብላ፣

«እቴ አልጣሽ፣ ሙሽራ እንኳ ለአንድ ቀን ደስታ ታሽታ ትታጠባለች። ይሄ የቤትሽ ዋስ ነው። ለሱ ነው የምትሰስቺው?» አለቻት። ዜማም አወጣችለት፦

«ዛሬም እጠቢው፣ ነገም እጠቢው፤
ውሻ ሲታጠብ ነው ቤት የሚከብረው።»

አልጣሽ ልብስ የምታጥብበትን እንዶድ ወቀጠች። መከታን ወንዝ አውርዳ አሸችው፤ አረፋው ሰባት ቀበሌ አልፎ ሄደና የታች አገር ሰዎች ወንዙ ወተት ሆነ ብለው ቅል ይዘው ወጡ። አጥባም አልቀረች፤ አደስ የገባበት ቅቤ ቀባችው። እመት ጦጣም ጎኑ ተቀምጣ ፀጉሩን በጣቷ ስታበጥር ቀትር ይሆናል። በማግስቱም እንዲሁ። በሠልስቱም እንዲሁ።

እነሱ ወንዝ ሲወርዱ የእመት ጦጣ ዘመዶች እርሻ ይወርዳሉ። በድንጋዩ ላይ የነበረው ሽታ በሳምንቱ ጠፋ። ከቀትር በኋላ መከታ ሲመጣ ደግሞ የአደሱ ሽታ ቀድሞት ይደርሳል፤ ጦጦቹም የያዙትን የማሽላ ራስ ቀስ ብለው ጨርሰው፣ አፋቸውን ጠርገው ይሄዳሉ።

በሳምንቱ መከታ እንዲህ አላት፦ «እመቤቴ፣ ቆዳዬ ቆዳ እንጂ ነጠላ አይደለም። በወር አንዴ ይበቃኛል።»

አልጣሽ ወደ ገደሉ የተጎተተው ውሻ ትዝ አላት። ከኋላዋም ያ ዜማ መጣ፤ ዛሬም እጠቢው፣ ነገም እጠቢው። አጠበችው።

በሁለተኛው ሳምንት መከታ ማከክ ጀመረ። ፀጉሩ ረገፈ፤ ወፎች የረገፈውን ለቅመው አርባ ጎጆ ሠርተው አርባ አንደኛውን ጀምረው ነበር። «እመቤቴ፣ ቆዳዬ ቆዳ እንጂ ነጠላ አይደለም» ቢላት፣ እሷ ማከኩን ስታይ መዥገር የበዛበት መሰላትና እንዶዱን እጥፍ አደረገችው።

በሦስተኛው ሳምንት ምንም አላላትም። ተኝቶ ቀረ።

አልጣሽ፣ መከታ ቦታውን ሲያይ ልቡ ይመለስ እንደሆነ ብላ ተሸክማ እርሻ አደረሰችው። አገዳው ቆሟል፤ ብዙው ግን ራስ የለውም። ከዳር እስከ ዳር ሄደች። ከሦስት እጁ አንዱ ብቻ ተርፏል። ውሻዋን እንደታቀፈች ቁልቁል ወንዙን ተከትላ አባባ ይርዳው ዘንድ ሄደች፤ ቆዳ የሚያለፉ ሽማግሌ ናቸው፣ ለሥራቸው ሽታ ሲባል ከሰው ርቀው የሚኖሩ።

ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን በመከታ ጀርባ ላይ አሳለፉ። ጣታቸውን አሸተቱ። በየስንት ጊዜው ታጥቢዋለሽ ብለው ጠየቋት፤ የእመት ጦጣን ዜማ ሳይቀር ነገረቻቸው።

«ልጄ፣ እኔ ቆዳ የማለፋው ባለቤቱ ከሞተ በኋላ ነው» አሏት። «አንቺ በቁሙ አለፋሽው።»

ይድን እንደሆነ በዝግታ ጠየቀቻቸው። ከተውሽው ይድናል አሉ። ገላው ቅባቱን ከውስጥ እንደሚያወጣ፣ ያን ቅባት እንዶድ ሲያጥበው ቆዳው እንደሚሰነጠቅ አስረዷት። ወር ሲገባ በለብታ ውሃ፣ ከዚያ ውጭ በክት ላይ ተንከባልሎ የመጣ ዕለት ብቻ፤ አጥባም ፀሐይ ላይ ታድርቀው። ጆሮውንና የጣቱን መሐል ግን ዕለት ዕለት ትይለት፣ በሰው እጅ ሳይሆን በገዛ እጇ።

አልጣሽ እንዶዱን ሰቀለች፤ የመከታን መዥገር በጣቷ ብቻ ትለቅምለት ጀመር። ወሩ ሲያልቅ መከታ ተነሥቶ የአህያ ፋንድያ ላይ ተንከባለለ። ያን ሽታ ስታሸት እንባዋ መጣ።

እመት ጦጣ ዘመዶቿ ቢራቡባት ወርዳ፣ እቴ ምነው መታጠቡ ቀረ ስትል ጠየቀች። አልጣሽ ዛሬ ነው አለቻት። ወንዝ ሲደርሱ ማጅራቷን ጨበጠችና፣

«እመት ጦጣ፣ ውሻ ሲታጠብ ቤት ከከበረ፣ አጣቢዋ ስትታጠብማ አገር ይከብራል» አለች።

በእንዶድ አሸቻት። አረፋው አፏ ሲገባ እመት ጦጣ ትን አላት፤ ስታስል ከጉንጯ ማሽላ ፈሰሰ። ሦስት ቁና ሞላ ይላሉ፤ እኔ መዋሸት ስለማልወድ ሁለት ተኩል ነው የምለው። አልጣሽ ማሽላዋን አየችው። አልመታቻትም። ያንኑ የአደስ ቅቤ ከራስ እስከ ጅራት ቀብታ ለቀቀቻት።

እመት ጦጣ ወደ ወገኖቿ ሮጠች። እነሱ ግን አደሱን ሲያሸቱ ውሻው መጣ ብለው ሸሹ። እኔ ነኝ እያለች ብትከተል ይብሱን ሸሹ። የገዛ ልጇ እንኳ ዞር ብሎ አላያትም። እስከ ዛሬ ብቻዋን ከሾላ ሾላ ትዘላለች።

አልጣሽ ያን ክረምት የዱር ቅጠል እየቀቀለች አሳለፈች። መከታ ዳነ፤ በጀርባው ላይ ግን የእጅ ስፋት ያህል ፀጉር ሳይበቅል ቀረ። ወር በገባ ቁጥር ስታጥበው እጇ እዚያ ቦታ ሲደርስ ቀስ ትላለች።

እኔም ተረቴን እንደታጠበ ውሻ አራግፌዋለሁ፤ ያረጠበው ካለ ፀሐይ ይሙቅ። አባቶችም ያሉት ይህንኑ ነው፤ ያልታጠበን መዥገር ይበላዋል፣ ዕለት ዕለት የታጠበን አጣቢው ይጨርሰዋል።