የፋሹሉ ጉድጓድ

በደጋው አገር ሰው መጨረሻ ላይ የምነግራችሁን ምሳሌ ሲጠቅስ ስለ ወርቅ የተነገረች ይመስለዋል። የአባቴ አጎት አያ ይርዳው ግን የሰማት ከአንድ የውሃ ጉድጓድ አጠገብ ነው። ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር በቅሎ እየነዳ ወደ ምዕራቡ በረሃ ይመላለስ በነበረበት ዘመን በዓይኑ ያየውን ነገር፣ እርጅና ከተጫነው በኋላም ያወራው ነበር። እሱ እንደነገረኝ እነግራችኋለሁ።

ወርቅ በሚታጠብበት ቆላ፣ ከአንድ ቀይ ኮረብታ ሥር፣ ፋሹሉ የምትባል መንደር ነበረች። ክረምት ጅረቱ ሲሞላ ሴቶቹ ገበቴ ይዘው ይወርዱና ወርቅ ያጥባሉ፤ ያገኙትን ብናኝ በአሞራ ላባ ቀፎ ከትተው አፉን በሰም ይደፍኑታል። ታኅሣሥ ሲገባ ጅረቱ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ እስከ ግንቦት መንደሩን የሚያኖረው አንድ ጉድጓድ ብቻ ነው። ጉድጓዱን ኑረዲን የሚባል ሰው ከጓደኛው ከጅብሪል ጋር ሁለት በጋ ሙሉ ዓለት ፈልፍሎ ያወጣው ነው። ኑረዲን ሲሞት ለልጁ ለአተይብ ተወለት።

አተይብ ደግ ሰው ነበር። ውሃ ከልክሎ አያውቅም። ነገር ግን ጎረቤቱ ሁሉ ስላጠራቀመው ወርቅ ሲያወራ፣ እሱ ገመድ ሲጎትት መዋሉ ያበሽቀው ነበር። ሲትና የምትባል ሚስትና አምና የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩት።

አያ ይርዳው በቅሎ የሚነዳላቸው ነጋዴዎች አለቃ ደምስ ይባላል። በዚያ ዓመት ከአገሩ ገዥ ኮረብታው ላይ መሬት ተሰጥቶት ነበር፤ ለበቅሎዎቹ ግን ውሃ የለውም። አንድ ቀን ጠዋት አተይብን ወደ ኮረብታው ወሰደና አንድ ገበቴ አፈር ፊቱ አጠበለት። አፈሩ ታጥቦ ሲያልቅ ከገበቴው ግርጌ ስንዴ ስንዴ የሚያካክሉ ሦስት የወርቅ ፍሬዎች ቀሩ።

«መሬቱን ውሰድ፤ ጉድጓዱን ስጠኝ» አለው።

አተይብ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ነገራት።

«ያንን ሁሉ አፈር በምን ልታጥበው ነው?» አለችው ሲትና።

«ክረምት ይመጣል።»

«እስኪመጣስ ምን እንጠጣለን?»

«ደምስ እኛን ይከለክለናል? ስንት ዓመት ሙሉ ውሃችንን ጠጥቷል።»

«አንተ የምትሰጠው ያንተ ስለሆነ ነው። የሱ ሲሆን የሚሆነውን አናውቅም።»

አልሰማትም። ውሉ ሲፈጸም ሽማግሌውን ጅብሪልን ለምስክርነት ጠሩት። ጅብሪል ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠና፣

«አባትህ እዚህ ውስጥ ሁለት ጣቱን አጥቷል» አለው።

«አባቴ ውሃ አወረሰኝ። እኔ ደግሞ ለልጄ ወርቅ ላውርሳት» አለ አተይብ።

ጅብሪል መሰከረና ሄደ።

ደምስ ክፉ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ማንንም አልከለከለም። ነገር ግን የወርቁ ወሬ ተሰማና ቆፋሪው ከየአገሩ ጎረፈ፤ ስንቅ የሚያመላልሱት በቅሎዎችም ሃያ የነበሩት ስልሳ ሆኑ። የካቲት ላይ ጉድጓዱ በእሾህ ታጠረ፤ ዘበኛ ቆመበት። ለአንድ ቤት በቀን አንድ ቅል ውሃ ተመደበ። መጋቢት ላይ እሱም በሁለት ቀን አንዴ ሆነ። የመንደሩ ሰው ዕቃውን እየጫነ ወደ ትልቁ ወንዝ ዳር መሰደድ ጀመረ። አተይብ ግን ከኮረብታው አልወርድ አለ። ቀዩን አፈር እየቆፈረ ይከምራል፤ ቁልሉ ከቤቱ ጣራ በለጠ።

«ከሰው ጋር እንሂድ» ትለዋለች ሲትና።

«ይህንን ማን ላይ ጥዬ?» ይላታል።

ስለዚህ ሲትና ልጇን እያስከተለች፣ ግማሽ ቀን እየተጓዘች ከወንዙ ውሃ መቅዳት ያዘች። በሚያዝያ ሐሩር አንድ ቀን ሲመለሱ አምና «እማ፣ ራሴን» ብላ መንገድ ላይ ተቀመጠች። እናቲቱ ከተሸከመችው ውሃ አጠጣቻት፤ የተረፈውንም በአናቷ ላይ አፈሰሰችላት። ከዚያ እንስራውን ጥላ ልጇን አዝላ ሮጠች። መንደር ስትደርስ የልጅቷ ገላ እንደ እሳት ይፋጅ ነበር።

አተይብ ወሬውን ሰምቶ ከኮረብታው ወረደ። ያለችውን አንዲት ላባ ወርቅ ይዞ ደምስ ድንኳን ደረሰ።

«ይህን ውሰድና ውሃ ስጠኝ። ልጄ ልትሞትብኝ ነው።»

ደምስ ላባውን አልነካም። «ምን ነካህ፣ ለዚህ ወርቅ ይጠየቃል?» ብሎ ዘበኛውን እየተጣራ አብሮት ሮጠ። አያ ይርዳውም ተከተላቸው፤ መቅጃውን ወደ ጉድጓዱ የለቀቀው እሱ ነበር። መቅጃው ሲወጣ ጭቃ ብቻ ይዞ ወጣ። ጠዋት ስልሳው በቅሎ ጠጥቶ ነበር።

«እስኪያመነጭ እንጠብቅ» አለ ደምስ፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

አተይብ በገመዱ ወረደና ጭቃውን በእጁ ይዝቅ ጀመር። ውሃው ከዓለቱ ስንጥቅ ጠብ ጠብ ይላል። ግማሽ ቅል እስኪሞላ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። ያንን ይዞ ቤቱ ሲደርስ ሲትና ልጅቷን አቅፋ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። አታለቅስም።

«ለማን ነው?» አለችው።

በሃይማኖታቸው ሬሳ ታጥቦ ይቀበራል። ያቺ ግማሽ ቅል ለዚያ አልበቃችም። ውሃ ሲታጣ በንጹሕ አፈር ማበስ ይፈቀዳል፤ በቅርብ የተገኘው ንጹሕ አፈር ደግሞ አተይብ የከመረው ቀዩ አፈር ነበር። አተይብ በገበቴ ይዞላት ቆመ። ሲትና መዳፏን አፈሩ ላይ እያሳረፈች የልጇን ፊትና እጆች አበሰች። አያ ይርዳው እዚህ ሲደርስ ሁልጊዜ ወሬውን ያቋርጥና ወደ ደጅ ወጥቶ ይመለስ ነበር።

በሳምንቱ ሲትና ወደ ወንድሞቿ አገር ሄደች። አተይብ አልከለከላትም።

ክረምቱም መጣ። አተይብ ቁልሉን አጠበ፤ ወርቅ ነበረበት፣ ሰው ካሰበው በላይ። ደምስ ጉድጓዱን እንዲሁ መለሰለትና በቅሎዎቹን ጭኖ ሄደ፤ ወደዚያ አገር አልተመለሰም። ቆፋሪዎቹም ሌላ ኮረብታ ላይ ወርቅ ተገኘ ሲባል ሰምተው ወደዚያ ሄዱ።

በዓመቱ አያ ይርዳው ከሌሎች ነጋዴዎች ጋር ሲያልፍ ፋሹሉ ባዶ ነበረች። የብዙዎቹ ቤቶች ጣራ ወድቋል። የእሾህ አጥሩ ተነሥቷል። አተይብ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ለመንገደኛ ውሃ ይቀዳል፤ አያ ይርዳውን ወይ አላወቀውም፣ ወይ አላወቅሁም አለ። አያ ይርዳው ጠጣ፣ በቅሎዎቹንም አጠጣና፣ ከጉድጓዱ አጠገብ ዛፍ ሥር ብቻውን ወደ ተቀመጠው ወደ ጅብሪል ሄደ።

«አባቴ፣ ወርቁን ምን አደረገው?» አለው።

«ለሲትና ላከላት። መለሰችው።»

«ጉድጓዱን በመሬት መለወጡ እንዴት ያለ ሞኝነት ነው?»

ሽማግሌው ገመዱን ወደሚጎትተው ወደ አተይብ ተመለከተ።

«እሱን ብቻ ሞኝ አትበለው። እኔም ያን ቀን መስክሬያለሁ። ሁላችንም ከዚያ ጉድጓድ እየጠጣን ኖረን፣ አንድም ቀን ዋጋውን አስበነው አናውቅም» አለ። «ምን ታደርገዋለህ ልጄ፣ በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል።»