እውነት የነበረው መርዶ

በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ስለ ዓለም ዜና አዘጋገብ ውይይት ነበር። ሚልኪያስ የሚባል የጋዜጠኝነት ተማሪ ተነሣና፣ «መምህርት፣ የውጭ ዜና ወኪሎች ጽፈው የጨረሱትን፣ ያውም ትክክል የሆነውን፣ ተርጉመን ብናነበው ምን ይጎድላል? እንደ አዲስ የምንለፋው ለምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ። መምህርት እልፍነሽ ዕድሜያቸውን በሬዲዮ ሥራ የጨረሱ ሴት ናቸው፤ ለክርክር ብዙ ትዕግሥት የላቸውም። እንዲህ ሲሉ መለሱለት።

አንድ ሰው ነበረ፤ መርዶ ነጋሪ። ከአገሩ ርቆ የሄደ ሰው ሲሞት፣ ማለዳ ሽማግሌዎቹን አስከትሎ የቤተሰቡ ደጅ ላይ የሚቆመው እሱ ነበር። ደስ የሚል ሥራ አይደለም፤ ግን አንድ ሰው መሥራት አለበት።

አንድ ጊዜ አንድ ነጋዴ ከባሕር ዳርቻ መጣና የአንዲት መበለት ልጅ በወደቡ ከተማ መሞቱን አወራ። ወሬው እውነት ነበር። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ፣ ልጁ በሕይወት ተገኘ እንድልህ እየጠበቅህ ስለሆነ ነው። አልተገኘም።

መርዶ ነጋሪውና ሽማግሌዎቹ ነጋዴውንም ይዘው በጠዋት ወደ ሴትዮዋ ቤት አመሩ። ደጇ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው መርዶ ነጋሪው ቆመና ወደ ነጋዴው ዞረ።

«ሲሞት አጠገቡ ማን ነበር?»

ነጋዴው አያውቅም። የት እንደተቀበረም አያውቅም።

«እንግዲያው አልገባም» አለ መርዶ ነጋሪው።

ሽማግሌዎቹ ተቆጡ። «ሞቷል ተባለ እኮ። አንተ ሄደህ ልታስነሣው ነው?»

«ላስነሣው አይደለም። እናቱ የምትጠይቀኝን ስለማውቅ ነው።»

በቅሎውን ጭኖ ወረደ። ቆላው አቃጠለው፤ ወደቡ ሲደርስም ቋንቋውን የሚሰማ ሰው አጣ። ቢሆንም በምልክትም በልመናም እያለ ከመጋዘን መጋዘን ዞሮ ጠየቀ። በመጨረሻ ልጁ የታመመበትን ክፍልና መቃብሩን አገኘ። ከዚያ ተመልሶ ሴትዮዋ ቤት ገባና መርዶውን ነገራት። አላለቀሰችም። አፍጥጣ አየችው።

«ብቻውን ነበር?»

«አልነበረም። አንዲት ዓሣ ሻጭ፣ የማታውቀው ሴት፣ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ውኃ ታጠጣው ነበር። አግኝቻታለሁ። መቃብሩም ላይ ቆሜያለሁ።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። መንደሩም አብሯት አለቀሰ።

መምህርቷ ወደ ሚልኪያስ ጠጋ አሉ። «ያንተ ዜና ወኪል ያ ነጋዴ ነው። አልዋሸም፤ ግን እናቲቱን አያውቃትም፣ ምን እንደምትጠይቅም አያውቅም። አንተ ታውቃታለህ። ስሙን ብቻ ጠርተህ በምታልፈው የውጭ ከተማ ልጇ የሚኖር አንዲት እናት ዛሬም ሬዲዮዋን ከፍታ ተቀምጣለች። የእሷን ጥያቄ የውጭ ሰው እንዲጠይቅልህ አትጠብቅ። ሂድ። መሄድ ካቃተህ እዚያ ያለ ሰው ፈልገህ ደውል፤ ባያነሣ ደግመህ ደውል። ይህ ከበዛብህ ግን ወንበሩን ለሚሄድ ሰው ልቀቅለት።»