ጃርት የደበቀችው ጎደሬ

ተረት ተረት፤ የጃርት ቤት።

ክረምቱ ገፍቶ እህል ያለቀባት ጃርት፣ ጎደሬ ቀቅላ ልትበላ ስትል ጓደኛዋ ሽኮኮ ከደጅ ተጣራች። ጃርት፣ «ወይ ጉዴ! እህል አጥታ ጎደሬ በላች ብላ ልታወራብኝ ነው» አለችና ድስቱን ከአልጋ ሥር ወሸቀችው።

ሽኮኮ ገብታ አቀረቀረች። «ባዶ እጄን መጣሁብሽ፤ ይቅር በይኝ።»

«ምን ይደረግ፣ እኔም ባዶ ቤት ነው የተቀበልኩሽ» አለች ጃርት።

ሆዳቸው እየጮኸ ስለ ዝናቡ ሲያወሩ ቆዩ። በመጨረሻ ሽኮኮ ጦሟን ተመለሰች።

ጃርት ሸኝታት ስትገባ፣ ሽኮኮ ስትመጣ ከበሩ ጎን የሸሸገችውንና ስትሄድ በጃርት ፊት ማንሳት አፍራ የተወችውን የኮባ ቅጠል ጥቅል አየች። ብትፈታው ተቀቅሎ የተላጠ ጎደሬ ነው። ጓደኛዋን ልትጣራ አፏን ከፈተች፤ ግን ከአልጋው ሥር ያለው ድስት ትዝ ሲላት መልሳ አፏን ዘጋች።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በጎደሬ አብሱ።