ውጅግራው፣ ጅግራውና ሰሌኑ

አንድ አደፍርስ የሚባል እረፍት የለሽ አዳኝ በአንድ የቆላ መንደር ይኖር ነበር። አደፍርስ መቀመጥ አይሆንለትም። በርጩማ ላይ ቢቀመጥ ከእሱ በፊት በርጩማው ይደክመዋል። ሲተኛ እንኳ እግሩ ብቻውን ተነስቶ ወንዝ ድረስ ሄዶ ይመለሳል እያሉ ያሙት ነበር።

ይህ ሰው ከአጎቱ የወረሰው አንድ ውጅግራ ጠመንጃ ነበረው። ጠመንጃው ከማርጀቱ የተነሳ አፈሙዙ ሰፍቶ አይጥ ልጆቿን አስከትላ ትገባበታለች። ጥይቱም ከገበያ ከጠፋ ስንት ዘመኑ! ስለዚህ አደፍርስ ባዶውን ቀለህ ራሱ በባሩድ ይሞላዋል፣ በጨርቅ ይወትፈዋል፣ ከላይ ደቃቅ የእርሳስ ፍሬ ያደርግበታል። ሲተኮስ ፍሬው እንደ ተዘራ ጤፍ ይበተናል። ለወፍ አደን የሚሆነው እንዲህ ያለው ነው። አደፍርስ ግን ጠመንጃውን የሚያምነው በሌላ ምክንያት ነበር።

«ስሙን ስሙት እንጂ! ው-ጅግራ! ፈረንጅ ለጅግራ ብሎ ካልሠራው ምን ቆርጦት ነው እንዲህ ብሎ የሚጠራው?» ይላል።

ስሙ ከፈረንሳይኛ የጠመንጃ ስም ተጣሞ እንደመጣ የሚነግራቸው፣ ፊደል የቆጠረ ሰው መንደሩ ውስጥ ስላልነበረ ሁሉም አመነው።

ታዲያ አንድ ዓመት የጅግራ መንጋ ወረደ። ስንት ነበሩ ለሚለኝ፣ ልቆጥር ጀምሬ ሦስት ሺህ ላይ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ሰው ማሽላ ሲዘራ ከኋላ ከኋላው እየተከተሉ ይጭራሉ። ዘሪው ዞር ሲል ጎንበስ ብለው እጅ የሚነሱት ይመስላሉ፤ እሱ ፊቱን ሲመልስ ይቀጥላሉ። የመጀመሪያውን ዘር በሉ። ሁለተኛውንም በሉ። በመንደሩ የቀረው ዘር ሁለት ስልቻ ብቻ ሆነ። እሱም በሦስት ቀን ውስጥ መሬት ካልገባ ዝናቡ ጥሎት ሊሄድ ነው። ያ ሁለት ስልቻ ከተበላ ደግሞ መንደሩ ከብቱን ነድቶ፣ ልጁን አዝሎ ከመሰደድ ሌላ ምርጫ የለውም።

የመንደሩ አለቃ፣ ጭቃ ሹሙ፣ አደፍርስን አስጠሩት። «አንተ፣ ያ ስሙ ጅግራ የሆነው ነገርህ ዛሬ ካልሠራ መቼ ሊሠራ ነው?»

አደፍርስ እየሮጠ ሄዶ ተኮሰ። የመጀመሪያው ተኩስ የአንዲቷን ጅግራ ላባ ብቻ አስቀርቶ እሷን የት እንዳደረሳት እስከ ዛሬ አልታወቀም። በሁለተኛው ፍሬው በሌላዋ ጅግራ ዙሪያ ክብ ሠርቶ አለፈ፤ ጅግራዋ መሀሉ ላይ ቆማ ቁርሷን ጨረሰች። ሦስተኛው ጅግራ የሚባል ሳይነካ የጭቃ ሹሙን አህያ ጆሮ በሳው። ጉትቻ ማንጠልጠል ብቻ ነበር የቀረው።

አደፍርስ በሳተ ቁጥር ሁሉን ነገር ይቀይራል። ባሩዱን የሚሰፍረው በእፍኙ ነው። ሲናደድ እፍኙ ይሰፋል፣ ደስ ሲለው ይጠብባል። ውታፉ አንዴ የጋቢ ቁራጭ፣ አንዴ የሙዝ ቅጠል፣ አንዴ የሚስቱ ሻሽ ነው። አሁን ከሃያ እርምጃ ተኩሶ ወዲያው ሰማንያ እርምጃ ይርቃል። ቆሞ ይተኩሳል፣ ተንበርክኮ ይተኩሳል፣ ዕድሌ ይቀየር እንደሁ ብሎ በግራ ዓይኑም ሞክሯል። ሲመታ ለምን እንደመታ አያውቅ፣ ሲስት ለምን እንደሳተ አያውቅ። እንዲህ እያለ ባሩዱ አልቆ ለዘጠኝ ተኩስ የሚበቃ ብቻ ቀረው።

ሲጨንቀው ጠላ ቤት ገባ። የጠላ ቤቷ ባለቤት እትዬ ስንዱ ነበሩ። የእሳቸውን ጠላ ዛሬ የቀመሰ ሰው ከሰባት ዓመት በኋላ ቢመለስ ያንኑ ጣዕም ያገኘዋል። አደፍርስ አንዱን ዋንጫ ቆሞ፣ ሁለተኛውን ቤቱ ውስጥ እየተንጎራደደ ጠጣ።

«እትዬ ስንዱ፣ እባክዎ ምስጢሩን ይንገሩኝ። ጠላዎ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሚሆነው ምን ቢጨምሩበት ነው?»

«ምንም ሳልጨምርበት ነዋ!» አሉት። «ጌሾውን በዚህች ጣሳ እሰፍራለሁ። ብቅሉንም በዚህችው። ጣሳዋ ጎኗ ተጨርምቷል፤ እኔ ግን ሌላ ጣሳ አልነካም። ጠላው የጎመዘዘ ቀን አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ እቀይርና እቀምሰዋለሁ። ያ ካልሆነ እሱን ወደ ነበረበት መልሼ ሌላውን እነካለሁ። አንተ ግን ጌሾውንም፣ ብቅሉንም፣ ጋኑንም፣ ጠማቂዋንም በአንድ ጀምበር ቀይረህ ጠላው እንቢ አለኝ ትላለህ።»

«እኔ ጠላ መች ጠምቄ አውቃለሁ?»

«ጠምቀህ ቢሆንማ ይሄኔ አገሩ አልቆ ነበር!»

ይህን ብለው ከግድግዳ ላይ አንድ አሮጌ ሰሌን አወረዱና መሀሉ ላይ በከሰል ጅግራ ሳሉበት። ድመት ነው የምትመስለው፤ ብቻ ነጠብጣብ አላት። ቀጥለው አንዲት የአረቄ መለኪያ ሰጡት።

«ሰሌኑን ግንድ ላይ ስቀል፤ ሠላሳ እርምጃ ቁጠርና ከዚያው ተኩስ። ውታፍህ ከዚህ ከአሮጌ ነጠላዬ ብቻ ይሁን። ባሩዱን በዚህች ስፈር። ስሟ ራሱ መለኪያ ነው፤ አንተ በስም ታምን የለም እንዴ?»

«ዘጠኝ ተኩስ ቀርቶኝ ሰሌን ልምታ? ሰሌን ምን በደለኝ?»

«ሰሌኑ አይሸሽም። የሆነውን ሁሉ ቁጭ አድርጎ ያሳይሃል።»

አደፍርስ እያጉረመረመ ሰሌኑን ግንድ ላይ ሰቀለ። የተኩሱ ድምፅ ሲሰማ መንደሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። አደፍርስ በመጀመሪያ እንደ ልማዱ በእፍኙ ሰፍሮ ሁለት ጊዜ ተኮሰ። አንዱ የሰሌኑን ጠርዝ ብቻ ላጨ፤ ሌላው መሀሉን ወንፊት አደረገው። ሦስተኛውን መለኪያዋን ሞልቶ ተኮሰ። ባሩዱ በዝቶ ፍሬውን ገፋፍቶ በተነው፤ በከሰል የተሳለችው ጅግራ ሳትነካ ቀረች። በአራተኛው መለኪያዋን ሩብ አጎደላት። ይህን ጊዜ ፍሬው ሁሉ ሰፌድ በምታህል ክብ ውስጥ ገባ።

«አገኘሁት!» ብሎ ዘለለ። «አሁን ደግሞ ውታፉን በሙዝ ቅጠል ቀይሬ...»

እትዬ ስንዱ እጁን በማማሰያ መቱት። «ድገመው!»

ደገመው፤ ሰፌድ አከለ። ሠለሰው፤ አሁንም ሰፌድ አከለ።

ሕዝቡ ግን ትዕግሥቱ አለቀ። «ሰሌን ጨረሰ! ጅግሮቹ ደህና ናቸው፣ ሰላምታም ልከውላችኋል!» ይላል አንዱ። ጭቃ ሹሙ መጥተው የጠመንጃውን ሰደፍ ያዙ። «ስድስት ተኩስ በሰሌን ላይ! ነገ ዘሩ መሬት ይገባል፤ ልጆቻችን ይህን ሰሌን ሊበሉ ነው? ቀሙት!»

«ተዉት» አሉ እትዬ ስንዱ። «ነገ ከሳተ ጠላ ቤቴን ለዘለዓለም እዘጋለሁ።»

ወንዶቹ ሁሉ ክው አሉ። በዚያች ቅጽበት ለአደፍርስ መሳት የተሳለ ሰው ቢኖር እንኳ ስለቱን አነሳ። ጭቃ ሹሙም ሰደፉን ቀስ ብለው ለቀቁ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ ስልቻ ዘር ተዘራ። አደፍርስ ሦስቱን ቀለሆች ሩብ በጎደለችው መለኪያ ሰፍሮ ከቁጥቋጦ ሥር አደፈጠ። ከፊቱ ሠላሳ እርምጃ ቆጥሮ ነጭ ድንጋይ አስቀምጧል። መንደሩ ከአጥሩ ኋላ ተደርድሯል።

መንጋው መጣ። መቶ እርምጃ ላይ አደፍርስ ነጩን ድንጋይ ደጋግሞ አየ። ሰማንያ ላይ ጣቶቹ ያሳክኩት ጀመር። ስልሳ ላይ አንዱን ቀለህ ከፍቶ ለበረከት ትንሽ ባሩድ ጣል ሊያደርግበት እጁን ወደ ባሩዱ ከረጢት ሰደደ። ለካ ቀኝ እጁ ጌታው ሳያዝዘው መሥራት ለምዷል! ይዞ መለሰውና ቁጭ አለበት።

ጅግሮቹ ዘሩን መጫር ጀመሩ።

«ተኩስ እንጂ! ምን ይጠብቃል ይሄ ሰው?» ይላሉ ከአጥር ኋላ። ጭቃ ሹሙ ያፏጫሉ። አንዲት ሴት ዘሩ ሲለቀም አይታ ለቅሶ ጀመረች። አደፍርስ ላቡ ከግንባሩ ወርዶ ቁጥቋጦውን አጠጣው፤ ተነስቶ መሮጥ፣ ቦታ መቀየር፣ ጫማውን እንኳ ማውለቅ አማረው። ምንም አልቀየረም። መሪዋ ጅግራ ነጩን ድንጋይ አለፈች። አደፍርስ ከተቀመጠበት እጁ ላይ ተነሳና ተኮሰ።

እኔ ሰባት ሲወድቁ አየሁ፤ መንደሩ አሥራ ሁለት ይላል። የተረፉት ጅግሮች ግን የሃያ ሰው ለቅሶ ነው የተቀመጡት። ሁለተኛው ተኩስ እንደ መጀመሪያው ሆነ፣ ሦስተኛውም እንደ ሁለተኛው። መንጋው ተነስቶ ጋራውን ሲሻገር ፀሐይዋ ለትንሽ ጊዜ ጠፋች። ተመልሶም አልመጣ። ማሽላው በዘጠኝ ቀኑ መሬቱን ቀዶ ወጣ፤ ያ መንደርም እስከ ዛሬ እዚያው ቆላ አለ።

ወዳጄ፣ ብዙዎቻችን አደፍርስ ነን። አንድ ነገር እንቢ ሲለን ሥራውንም፣ ሰፈሩንም፣ ጓደኛውንም፣ ጸሎቱንም በአንድ ሳምንት እንቀይራለን። ከዚያ ቢቃናም ባይቃናም የትኛው እንዳደረገው አናውቅም፤ ስለማናውቅም እንደገና ሁሉን እንቀይራለን። ችግራችን አለመሞከራችን ሆኖ አያውቅም። አንዱን ሞክረን ምን እንዳደረገ እስክናይ ድረስ መቆየት ነው ያቃተን። የሚያሳክክ እጅ ያለው ሰው አንዳንዴ እጁ ላይ መቀመጥ አለበት።

እስቲ አንተም አንቺም ራሳችሁን ጠይቁ፤ ባለፈው የተቃናላችሁ ጊዜ ምን አድርጋችሁ እንደነበር ታውቃላችሁ?