ድንኳኑ የት ይተከል?

አንድ ሰውዬ ነበር፣ አዳማ ውስጥ፣ ፎቅ እየሠራ የሚሸጥ። ጥላዬ ይሉታል። ሐሜት እንዳይመስላችሁ፣ ለትምህርት ነው!

የመጀመሪያው ፎቁ ዙሪያውን መስታወት ነው። ያምራል። ግን በአዳማ ፀሐይ መስታወት ውስጥ ማን ይቀመጣል? ግማሹ ሳይሸጥ ቀረ። ጥላዬ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ዓይን በልቶኝ ነው!» ጠበል አስረጨ። ፎቁን! እንደታመመ ሰው!

ሁለተኛውን ጀመረ። ይሄም ካልተሸጠ አለቀለት፣ ሥራውን ይዘጋል። የሚስቱ ወንድም ደርብ ደግሞ ዱባይ ደርሶ መጥቷል። «ምድር ቤቱን መዋኛ ገንዳ አድርገው፣ ሰው ይሻማበታል» አለው። ሰኞ ጠዋት አርማታ ሊሞላ ነው። አርማታ ደግሞ አንዴ ከደረቀ ደረቀ።

ቅዳሜ ሁለቱ ሽያጭ ቢሮ ገቡ። እዚያ ቤት ሊገዛ የሚመጣውን የምታስተናግደው ፋንታነሽ ናት። ጥላዬ ጮኸባት።

«ሰው ይመጣል፣ ሳይገዛ ይሄዳል! አንቺ ነሽ ፊትሽን አጨፍግገሽ የምታባርሪው!»

«ጋሼ፣ ለምን እንደሚሄዱ ላሳይዎት?» ኮምፒውተሩን አዞረችለት።

ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ የመጣውን ሁሉ ስትመዘግብ ኖራለች! ምን ጠየቀ፣ ምን ወደደ፣ ለምን ትቶ ሄደ። ኮምፒውተሩ ደምሮ፣ ለይቶ፣ በቀለም በቀለም እንደ ዘንግ አቁሞታል። አንዱ ረጅም፣ አንዱ ድንክ።

«ይሄ ረጅሙ ምንድን ነው?»

«‹ሰው ቢሞትብን ድንኳን የት እንተክላለን?› ያሉት ናቸው። ከመጣው ስድስት መቶ ሰው አራት መቶው።»

«ገንዳ የጠየቀስ?»

«ይቺት፣ ከታች። ሰባት ሰው። አራቱ ‹ልጅ አይሰምጥብንም ወይ?› ብለው ነው።»

ደርብ ሳቀ። «አንተ ሰውዬ፣ የለቅሶ ቤት ልትሠራ ነው እንዴ?»

ጥላዬ አልሳቀም። እናቱ ትዝ አሉት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው ያረፉት። ቦታ ጠፍቶ ድንኳኑ አስፋልት ዳር ተተከለ። ሰው ሲያለቅስ ባጃጁ ጡሩምባውን እየነፋ ያልፍ ነበር። በራሱ ደርሶበት እንዴት ረሳው?

«ለምን እስካሁን አልነገርሽኝም?»

«ጠይቀውኝ ያውቃሉ?»

ጥላዬ ስልኩን አነሳና መሐንዲሱን፣ «ሰኞ ገንዳ የለም!» አለው።

ምድር ቤቱ ለቅሶ የሚቀመጡበት ሰፊ አዳራሽ ሆነ። ከጀርባው የበግ ማረጃ፣ ውሃው የማይቋረጥ። ፀሐይ በሚመታው በኩል መስታወቱ ቀርቶ ጥላ ያለው በረንዳ ወጣ። ግንባታው ሦስተኛ ፎቅ ሳይደርስ ቤቱ ሁሉ ተሸጦ አለቀ! አንዲት ብቻ ቀረች። ለሷ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ደርብ!

ፋንታነሽ ቀና አለች። «ምን ዓይነት ቤት ይፈልጋሉ? ልመዝግብልዎት።»

ግራ ቀኝ አየና ጎንበስ ብሎ፣ «አዳራሹ የሚቀርበውን» አላት። መዘገበችው!

ትስቃላችሁ አይደል? እናንተስ? ባልሽ አኮረፈ ብለሽ ስንት ቦታ ሄድሽ? እሱን ጠየቅሽው? አንተስ፣ ልጅህ ለምን ቤት እንደማይገባ መንደሩ ሁሉ ያወራል፤ ልጁን ሰማኸው?

ጠበሉን አልጠላሁም፣ ይርዳችሁ። ግን እግዜር ለጥላዬ መልሱን ሁለት ዓመት ሙሉ ፋንታነሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦለት ነበር! የእናንተ መልስ ማን ጋ ተቀምጧል? እዚያው ቤታችሁ፣ ከማትጠይቁት ሰው ጋ ቢሆንስ?

ዛሬ ስትገቡ ጠይቁ። ጠይቁና ዝም ብላችሁ ስሙ። ለእናንተ ገና ቅዳሜ ነው፤ አርማታው አልፈሰሰም!